አሥራ ሁለት ዲስኮች፣ አንድ በረኛ

በአንድ ከተማ የብራና መጻሕፍትን ፎቶ እያነሣ የሚያስቀምጥ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ምስሎቹ ሁሉ የተከማቹት በአንድ ሰርቨር ውስጥ ሲሆን፣ ሰርቨሩ አሥራ ሁለት ዲስኮች ነበሩት። አሥሩ ምስሎቹን ተሸክመዋል፤ ሬይድ 6 በተባለው ዘዴ ስለተሳሰሩ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢሞቱ እንኳ አንድ ቅጠል ብራና አይጎድልም። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስ በሬይድ 1 ይዘዋል፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላውም ይጻፋል።

ይህን ሁሉ ያዋቀሩት አንድ አዛውንት ባለሙያ ነበሩ። ጡረታ የሚወጡበት ጊዜ ሲደርስ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ለአንድ ትጉህ ወጣት አስረክበው ተሰናበቱ።

ከጊዜ በኋላ ከሁለቱ መንትዮች የመጀመሪያው ዲስክ ሞተ። ወጣቱ አልደነገጠም። የሞተውን አውጥቶ አዲስ ሰካ፤ የክፍልፋዮቹን ሠንጠረዥ ከደህናው ዲስክ ገልብጦ አዲሱን ወደ ሬይዱ ጨመረ። ቅጂው በመቶኛ እየተቆጠረ እስኪያልቅ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ጠበቀ። በመጨረሻ ሁለት ‹ዩ› ፊደሎች በቅንፍ ውስጥ ጎን ለጎን ታዩ፤ ሁለቱም ዲስኮች ደህና ናቸው ማለት ነው። ‹ተመስገን› አለና ማስታወሻው ላይ ‹ተጠናቋል› ብሎ ጻፈ። ሰርቨሩም አንዴ ሳይጠፋ ሥራውን ቀጠለ።

ሬይዱ የገለበጠው ግን በክፍልፋዮቹ ውስጥ ያለውን ብቻ ነበር። ከክፍልፋዮቹ በፊት፣ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለችውን 512 ባይት አይነካትም። ከእሷ ውስጥ 64ቱ የክፍልፋዮች ሠንጠረዥ፣ 2ቱ ማኅተም፣ 446ቱ ደግሞ ማሽኑ ሲበራ ከዲስኩ መጀመሪያ የሚነበበው ትእዛዝ ናቸው። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ሲቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ በ446 ባይት ልንጽፍ የምንችለው 148 ፊደል ብቻ ነው። ያች ትንሽ ጽሑፍ ከአጠገቧ ያለውን፣ ግሩብ የተባለውን አስነሺ ፕሮግራም እምብርት ትጠራለች፤ እምብርቱ ቡት ፎልደር ውስጥ ያሉትን ሞጁሎች ያነሣል፤ በሞጁሎቹ እርዳታ የሊኑክስ ዋና ክፍል የሆነው ከርነል ይጫናል። ቡትሎደር የሚባለው ይህ ነው፤ የቤቱ በረኛ። በአዲሱ ዲስክ ላይ ሀብቱ ሁሉ ነበረ፤ በረኛ ግን አልቆመበትም።

በሁለተኛው ዲስክ ላይ በረኛ ነበር። አዛውንቱ ገና ሰርቨሩን ሲተክሉ በእጃቸው ጭነውታል። ሆኖም ግሩብ ሲሻሻል የትኞቹ ዲስኮች ላይ እንደገና መጻፍ እንዳለበት የሚነግረው የሥርዓቱ መዝገብ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ዲስክ፣ ማለትም የሞተውን ብቻ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2020) ‹ቡትሆል› የተባለው የግሩብ የደኅንነት ቀዳዳ ለዓለም ይፋ ሆነ። የሊኑክስ አዘጋጆች ማስተካከያ አወጡ፤ ወጣቱም በዚያው ሰሞን ጫነው። ጫኚው ፕሮግራም አስቀድሞ አዲሶቹን ሞጁሎች ወደ ቡት ፎልደር ገለበጠ፤ ቀጥሎ አዲሱን እምብርት ለመጻፍ በመዝገቡ ያለውን ዲስክ ፈለገ። ዲስኩ የለም። አልቻልኩም ብሎ አንድ መስመር ጽፎ አለፈ፤ ያችን መስመር ከብዙዎቹ መካከል ለይቶ ያነበበ አልነበረም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና፣ ግማሹ የቀረ ሥራ ቀኑን ይጠብቅ ጀመር።

ቀኑ በክረምቱ መካከል መጣ። መብራት ጠፋ፤ የዩፒኤሱም ባትሪ አለቀ። መብራት ሲመለስ ማሽኑን የሚያስጀምረው ባዮስ አዲሱን ዲስክ በተራው መጨረሻ አሰልፎት ስለነበር ከሁለተኛው ሊነሣ ሞከረ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ‹ግሩብ ካሎክ› የተባለ ምልክት አልተገኘም የሚል ስሕተት ወጣ፤ ከሥሩ ‹ግሩብ ሬስኪው› የሚል ጽሑፍ ትእዛዝ እየጠበቀ ቆመ።

ወጣቱ ብራናዎቹ የጠፉ መሰለው። ወደ አዛውንቱ ደወለ፤ እሳቸው እስኪደርሱ ግን አላስቻለውም። ኃላፊዎቹ በር ላይ ቆመው ‹መቼ ይሠራል?› ይላሉ። መጫኛ ፍላሽ ሰካና ሥርዓቱን እንደ አዲስ ሊጭን ተነሣ። ወዴት ይጫን ተብሎ ሲጠየቅ ‹ኤስዲኤ› የሚለውን መረጠ፤ ከድሮ ጀምሮ የመጀመሪያው ዲስክ ስም እሱ ነበርና። ጣቱ ማረጋገጫው ላይ ሳለ አዛውንቱ ከነዣንጥላቸው ገቡ።

‹ልጄ፣ እጅህን ሰብስብ። ይህ ስም ዛሬ የማን እንደሆነ አይተሃል?›

‹የመጀመሪያው ዲስክ ነው፣ ጋሼ።›

‹ሲሪያል ቁጥሩን አንብብልኝ።›

ወጣቱ ቁጥሩን ከስክሪኑ ላይ አንብቦ፣ በስልኩ መብራት በዲስኮቹ መያዣ ላይ ከተለጠፉት ወረቀቶች ጋር ያመሳክር ጀመር። ቁጥሩ የተገኘው አምስተኛው መያዣ ላይ ነበር። ብራናዎቹን ከተሸከሙት ከአሥሩ አንዱ ነው። ወጣቱ ላብ አጠመቀው።

‹ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚለውን ስም ከርነሉ ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል የሚያድለው ነው› አሉ አዛውንቱ። ‹ፍላሽ ሲሰካ፣ ዲስክ ሲቀየር ስሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊዞር ይችላል። ሲሪያል ቁጥር ግን ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ነው። ዲስክ በበዛበት ቤት በቁጥሩ እንጂ በስሙ አትጥራ። አሁን ስሕተቱ ምን እንዳለ ንገረኝ።›

‹ምልክት አልተገኘም ነው የሚለው።›

‹ዲስክ አልተገኘም ብሏል?›

‹አላለም።›

‹ፋይል አልተገኘምስ?›

‹እሱንም አላለም።›

‹እንግዲያው በረኛው ቤቱን አግኝቶታል፣ ሞጁሉንም አንብቦታል። ያልቻለው መግባባት ነው። እምብርቱ የድሮ፣ ሞጁሎቹ የአሁን ናቸው፤ አዲሶቹ የሚጠሩትን ነገር አሮጌው አያውቀውም። ሀብቱ እንዳለ ነው። የሚጠገነው በረኛው እንጂ ቤቱ አይደለም።›

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በዝግታ ነበር። አሥሩን ዲስኮች ማንም እንዳይነካቸው አውጥተው በየተራቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደሯቸው። በፍላሹ የማዳኛ ሥርዓት ማሽኑን አስነሥተው የሁለቱን መንትዮች ሬይድ ሰበሰቡ፤ አስፈላጊዎቹን ፎልደሮች አያይዘው ወደ ራሱ ወደ ሰርቨሩ ሥርዓት ገቡ። ግሩብን በሲሪያል ቁጥራቸው እየጠሩ በሁለቱም ዲስኮች ላይ ጫኑት። በመዝገቡ ላይም የሞተውን ስም ፍቀው የሁለቱን ሕያዋን አሰፈሩ። ሰርቨሩ ተነሣ። ኃላፊዎቹ አጨበጨቡ፤ ወጣቱም አሥሩን ዲስኮች ሊመልስ እጁን ዘረጋ።

‹ገና ነው› አሉ አዛውንቱ። ‹አጥፋውና የመጀመሪያውን ዲስክ አውጣ።›

ወጣቱ እየፈራ አወጣ። ሰርቨሩ በሁለተኛው ብቻ ተነሣ። የወጣውን መልሰው ሬይዱ እስኪሟላ ጠበቁ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን አወጡ። በመጀመሪያውም ብቻ ተነሣ። ይህን ጊዜ ነው አሥሩ ዲስኮች ወደየቦታቸው የተመለሱት። ብራናዎቹ አንድ ገጽ አልጎደሉም።

ማታ ሻይ ሲጠጡ ወጣቱ የከነከነውን አወጣ። ‹ጋሼ፣ ዲስኩን የቀየርኩ ቀን ሬይዱ ሙሉ ነኝ ብሎኝ ነበር። ለምን ዋሸኝ?›

‹አልዋሸህም፣ የጠየቅኸውን መለሰልህ። ሀብቱ በሁለት ቦታ አለ ወይ ብለህ ጠየቅኸው፤ አዎ አለህ። የሚያስነሣውስ በሁለት ቦታ አለ ወይ ብለህ አልጠየቅኸውም። ጥፋቱ ግን ያንተ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ዲስክ ላይ በረኛ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ መዝገብ ላይ አላሰፈርኩትም፣ ለአንተም አልነገርኩህም። የክፍሉን ቁልፍ ሰጠሁህ፤ ዕውቀቱን ግን ይዤው ወደ ቤቴ ገባሁ።›

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት የግሩብ አዘጋጆችም ከዚያ ሰሞን ችግር በኋላ ጫኚው አንድም ሞጁል ሳይገለብጥ በፊት የሚጻፍበት ዲስክ በእርግጥ መኖሩን እንዲያጣራ አደረጉ። ማጣራት ከመለወጥ ይቀድማል ማለት ነው።

የምሳሌው ፍቺ ከሰርቨር ክፍል ይሰፋል። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማኅበሩ፣ በየቤተሰቡ ብዙዎች ሀብቱን ተካፍለው ይሸከማሉ፤ ሥራው ሲቆም እንዴት እንደሚነሣ የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ይሆናል። ያ ሰው እስካለ ድረስ ጉድለቱ አይታይም። ስለዚህ ያወቀ ሰው ለተተኪው አፍ አውጥቶ ይንገረው፣ በመዝገብም ያስፍርለት፤ የተረከበም ‹ተጠናቋል› ከማለቱ በፊት ይፈትነው። ፈተናውም መብራቱ በርቶ፣ ሁሉ ደህና ሳለ ይሁን፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉና። ብዙ ዲስክ የምታስተዳድሩ፣ የመጀመሪያው ዛሬ ቢወጣ ሁለተኛው ይነሣ እንደሆነ አውጥታችሁ እዩ። ሰው የምትመሩም፣ ሁሉን የሚያውቀውን ሰው አንድ ሳምንት ዕረፍት ስጡትና ሥራው ይቀጥል እንደሆነ ተመልከቱ።