ስለ ዕድሳትና ስለ አዳሹ ታማኝነት

ያረጀን ነገር ማደስ በሁለት ልዩ ልዩ አሳብ ይሠራል። አንደኛው ዕቃው የቀድሞ ሥራውን እንደገና እንዲሠራ ማብቃት ነው፤ ሁለተኛው አርጅቶ ሳለ አዲስ እንዲመስል ማድረግ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀለም ተቀብተው ጎን ለጎን ሲቆሙ በዓይን አይለዩም። እንግዲህ በምን እንለያቸዋለን? አዳሹስ ለባለቤቱና ለኋለኛው ገዢ ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? ጥያቄው ከዕቃ አልፎ እስከ ትምህርት ቤትና እስከ መሥሪያ ቤት የሚደርስ ስለ ሆነ፣ በአንድ ትንሽ ምሳሌ እንመርምረው።

ከአርሲ ነጌሌ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በኩየራ፣ ዘመን ያለፈበት አንድ ቬስፓ ለዕድሳት ቀረበ እንበል። ቬስፓ በኢጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነደፈው፤ ፒያጆ የተባለው ኩባንያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 በፖንቴዴራ ከተማ ይሠራው ጀመር። የመጀመሪያው ሞተር 98 ሲሲ ብቻ ነበረ። በ1948 ይኸው ኩባንያ አፔ የተባለውን ባለ ሦስት እግር አወጣ፤ የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያም ኋላ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ በአገሩ ቬስፓንና ባለ ሦስት እግሩን ሠራ። ስለዚህ ዛሬ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሰው የሚያመላልሰው ባጃጅ የዚያ የአሮጌው ቬስፓ ዘመድ ነው። የጋራዣችን ቋንቋም የትውልድ አገሩን ያስታውሳል፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸውና።

«አፈር ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» እንዲሉ፣ ለአሮጌ ሞተር ይህን ያህል መድከም ከንቱ ነው የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ተረቱ የሚነቅፈው ጌጡን እንጂ ጤናውን አይደለም። ጌጥና ጤናም የሚለዩት ሞተሩ ሲወርድ ነው።

የጥንቱ ቬስፓ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይወስዳል። ድብልቁም ወደ ሲሊንደሩ ከመውጣቱ በፊት ክራንክሻፍቱ በሚዞርበት ክፍል ውስጥ ያልፋል፤ ስለ ሆነም ይህ ክፍል አየር የማያስገባ ሊሆን ይገባዋል። ይህንንም የሚጠብቁት በክራንክሻፍቱ ግራና ቀኝ ያሉት ትናንሽ የዘይት መከላከያ ቀለበቶች ናቸው። በማራገቢያው በኩል ያለው ካረጀ ትርፍ አየር ይገባል፤ ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ በመጨረሻም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ካረጀ ደግሞ የካምቢዮው ዘይት ወደ ውስጥ ተስቦ ይቃጠላል፤ ሞተሩም ጭስ ይተፋል። የቀለበቶቹ ዋጋ ትንሽ፣ ድካማቸው ብዙ፣ ቦታቸው ስውር ነው። ቀለሙን ሁሉም ያያል፤ ቀለበቱን ግን ከአዳሹ በቀር የሚያየው የለም።

የአዳሹ ሕሊና የሚፈተነው በዚህ ስፍራ ነው። ስቱኮና ቀለም የዛገውን ላሜራ ለጥቂት ጊዜ ይሸፍኑታል። ነገር ግን ቬስፓ ከላሜራው የተለየ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ አጥንቱ ነው፤ ስለዚህ የተሸፈነው ዝገት የነጂውን ሕይወት ይነካል። እውነትና ንጋት እያደር መጥራቱ አይቀርም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የሚጠራው በመንገድ ላይ፣ በሌላ ሰው ጉዳት ነው።

አሁን ደግሞ ሥራው ሁሉ በቅንነት ተሠራ እንበል። ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ ኩሽኔታው፣ የላሜራውም እኩሌታ ተለወጠ። ቬስፓው ያው የቀድሞው ነውን? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሡ አዲስ ይተኩ ስለ ነበር፣ ፈላስፎች «ያው ነው፤ አይደለም» እያሉ ይከራከሩበት እንደ ነበረ ፕሉታርክ ጽፏል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ደግሞ በ17ኛው መቶ ዓመት ነገሩን አከበደው፤ የተነሡትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ በቀድሞው ሥርዓታቸው ሌላ መርከብ ቢገጥም፣ እውነተኛው የትኛው ነው? ይህ በእኛ ዘንድ የፈላስፎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። የተሽከርካሪ ሊብሬ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይይዛል፤ በአንድ ሊብሬ ሁለት ተሽከርካሪ ቢነዳ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው።

በእኛ አስተያየት መልሱ በብረቱ ውስጥ አይገኝም፤ ብረት ሁሉ ያልቃልና። የታደሰ ነገር ያው የቀድሞው ነው የሚባለው ለተሠራበት ተግባር ሲበቃና የተለወጠው ሁሉ በግልጥ ሲታወቅ ነው። ሞተሩ ተለውጦ አዲሱ ቁጥር በሕጉ መሠረት ቢመዘገብ ቬስፓው ታሪኩን ይዞ ይቀጥላል። ቁጥሩ ተፍቆ ሌላ ቢመታበት ግን፣ ክፍሎቹ ሁሉ የጥንት ቢሆኑ እንኳ ሐሰተኛ ነው። ስለዚህ አዳሹ ሁለት ዕዳ አለበት፤ ይኸውም ስውሩን እንደ ግልጡ አድርጎ መሥራት፣ የለወጠውንና ያልለወጠውንም መናገር ነው። ያልለወጠውን መናገር ዋጋ ስለሚቀንስበት ይልቁን ይከብደዋል፤ ታማኝነቱም የሚመዘነው በዚሁ ነው።

ይህ ለመካኒክ ብቻ የተነገረ አይደለም። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተቀብቶ የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ባዶ ቢሆን፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተለውጦ ባለ ጉዳዩ እንደ ቀድሞው «ነገ ተመለስ» ቢባል፣ ሞተሩ ሳይወርድ ላሜራው ብቻ ተቀባ ማለት ነው። እንግዲህ በጋራዥም ሆነ በጽሕፈት ቤት ያረጀውን ለማደስ የሚነሣ ሁሉ፣ ቀለሙን ከመበጥበጡ አስቀድሞ ማንም የማያየውን ቀለበት ሊመረምር ይገባዋል እንላለን።