ቮልሷ ትሸጥ ወይስ ትጠገን?

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ አባት አረፉ። ትተውት የሄዱት ሀብት ብዙ አይደለም፤ ባለሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ ሣጥን መጽሐፍ፣ አንዲት ቮልስ። ዐርባቸው ከወጣ በኋላ እናት ልጃቸውን ጠርተው፣ «ይቺን ብረት ሽጣትና ለእህትህ ትምህርት አድርገው» አሉት። ገዢም አልጠፋም። ሞተሯን አውጥቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ አበባ ተክሎባት በቡና ቤቱ ደጃፍ ለጌጥ ሊያቆማት የፈለገ ሰው መጣ። ጓደኛችን ግን እሺም እንቢም ማለት አቃተው። «ምን ትላላችሁ?» ሲለን የአንድ ቤት ጉዳይ መስሎን በቀላሉ ጀመርነው። ሦስት ማታ ከተከራከርን በኋላ ግን ጥያቄው የሁላችንም ሆኖ አረፈው። እስቲ አንባቢም ይፍረደን፤ ጊዜው ያለፈበትን መሣሪያ መውደድ ታማኝነት ነው ወይስ ሞኝነት?

መጀመሪያ የወዳጆቿን ክርክር እንስማ። ቮልስ ማለት ራዲያተር የሌላት፣ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ አራት ሲሊንደር ያላት መኪና ናት። መንገድ ላይ የቆመችበት ሰው የኋላ ክዳኗን ይከፍታል፤ በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ፒንሳ ይታገላል፤ ካንዴላዋን ነቅሎ ይጠርጋል፤ ካርቡራተሯን ነፍቶ ይመልሳል፤ ከዚያም ጉዞውን ይቀጥላል። ልብ በሉ፤ ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ ፍሪሲዮን የምንላቸው ቃላት ከጣልያን የመጡ ናቸው። ዛሬ ግን የጋራዥ አማርኛ ሆነዋል። ሰው እጁ የገባበትን ነገር ስሙንም የራሱ ያደርገዋል።

የዛሬዋ መኪና ኮፈኗ ሲከፈት የሚታየው የፕላስቲክ ክዳን ነው። ሕመሟን ለጆሮ አትናገርም፤ ለኮምፒዩተር ነው የምትናገረው። ከእነዚሁ ወዳጆቿ ጋር ሆነን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄደን፣ «ጋሼ፣ የአሁኑ መኪና አይሻልም እንዴ?» ብንላቸው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ይሻላል እንጂ ልጆቼ፣ በጣም ይሻላል። ግን እኔን አያናግረኝም» አሉን።

ይህን ሰምቶ ልቡ የማይነካ የለም። ይሁን እንጂ የወዲያኛው ወገን ክርክርም ቀላል አይደለም። «ድሮ ቀረ!» እያልን የምናለቅስለት ድሮ ምን ነበር? ይቺው ቮልስ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1934 የሂትለር መንግሥት ለፈርዲናንድ ፖርሸ በሰጠው ትእዛዝ የተጠነሰሰች ናት። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ጀርመናውያን መኪናዋን እናገኛለን ብለው በየሳምንቱ ቴምብር እየገዙ ቆጠቡ፤ ጦርነቱ መጣና አልተረከቧትም። ፋብሪካውም በጦርነቱ ዘመን በግዳጅ ሠራተኞችና በእስረኞች ላብ ሠርቷል። ብረት የአባቱን ኃጢአት አይወርስም እንበልና ይህን እንለፈው። የቀረውንስ?

የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ባለሦስት ነጥቡን የደህንነት ቀበቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ፋብሪካውም ሌሎች እንዲሠሩበት ፈቀደ። ከዚያ በፊት የነበረው ሾፌር ደረቱን ለመሪ፣ ግንባሩን ለመስታወት ሰጥቶ ነበር የሚነዳው። ደግሞ የቤንዚኑ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶማስ ሚጅሊ እርሳስ ያለበት ውሁድ ቤንዚን ውስጥ ሲጨመር ሞተር እንደማይንኳኳ አገኘ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ዓለም ይህን ቤንዚን ከመኪና ጨርሶ ያስወጣው መጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ሽያጩን ባቆመችበት በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። መቶ ዓመት! እንግዲህ ያ የምንናፍቀው የሞተር ድምፅ የስንቱን ልጅ ትንፋሽ ይዞ ነበር የሚሄደው?

ሦስተኛ ክርክር ደግሞ ከመካከላችን ዝምተኛ የነበረችው አነሣች። «ክላሲክ» የሚለው ቃል የማን ነው? አለችን። በሀብታም አገር አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ለሥራ የሚነዳት ሌላ መኪና አለችው፤ አሮጌዋን እሁድ ይወለውላታል። በእኛ ከተማ ግን የሰማያዊና ነጩ ላዳ ባለታክሲ መኪናውን ዐሥርተ ዓመታት ያስታመማት ክላሲክ ስለሆነች ነው? እሷ ከቆመች ልጆቹ ስለማይበሉ ነው እንጂ! አንዱ አሮጌውን መረጠ፤ ሌላውን አሮጌው መረጠው። ይህን ልዩነት የማያይ ፍቅር ችግርን ጌጥ ያደርጋል። እውነቷን ነው።

ዘመኑም ተለውጧል። ቮልስ ራሷ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ ምርቷ አበቃ። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተነገረ። ምክንያቱ አይናቅም፤ ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ኤሌክትሪኩ ግን በአብዛኛው ከገዛ ወንዛችን ነው። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ነገ ባትሪዋ ሲደክም ከፍቶ የሚያያት ማን ነው?

ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የቴሴየስን መርከብ፣ ሳንቃዋ በበሰበሰ ቁጥር በአዲስ እየተኩ ጠበቋት፤ ፈላስፎችም «ያችው ናት፣ አይደለችም» እየተባባሉ ተከራከሩባት። የጓደኛችን አባት ቮልስም እንዲሁ ናት። ሞተሯ ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ በሮቿ ከሱማሌ ተራ የመጡ ናቸው። ሊብሬው ግን የሻንሲ ቁጥሯን ይዞ «ያችው ናት» ይላል። እኛ ሌላ መልስ አገኘን። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ አድርጎ ያቆያት የአባትየው እጅ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማልዶ የሚከፍታት እጅ። ስለዚህ ሞተሯ ወጥቶ አበባ ቢተከልባት፣ ቁጥሯ ቢኖርም እሷ የለችም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። አሮጌ መሣሪያ መውደድ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ወዳጅ የፍቅሩን ዋጋ ራሱ ይክፈል። ጭሱን ለአላፊ አግዳሚው፣ የደከመ ፍሬኑን ለሕፃናት፣ ወጪውን ለእህቱ አያስከፍል። አዲሱንም መፍራት አይገባም፤ ግን ከፍተን ልናየውና ልንጠግነው ካልተፈቀደልን ገንዘቡን ከፍለንም ተከራዮች ነን። የአባቶች እጅ ሊወረስ የሚገባው ወደዚህ አዲስ ብረት ውስጥ ለመግባት ነው።

ጓደኛችንም ቆርጦ ቮልሷን ሸጣት። የገዛት ግን ባለቡና ቤቱ አይደለም፤ የሽማግሌው መካኒክ ተማሪ የሆነ ወጣት ነው፣ በአነሰ ዋጋ። የጎደለውን የእህቱን ገንዘብ ጓደኛችን ማታ ማታ ልጆች እያስጠና ይሞላል። እናት ይህን ሲሰሙ ጥቂት ዝም አሉና፣ «አይ፣ የአባትህ ልጅ!» አሉት። ቁጣ ይሁን ምርቃት እስካሁን አልለየንም። ወጣቱ በመጀመሪያ የሠራው ፍሬኗን ነው፤ ቀጥሎ ቀበቶ አስገባላት።

ከመካከላችን ዛሬም «ባለቡና ቤቱ ይሻል ነበር፤ እህት ትበልጣለች» የሚል አለ። ክርክሩ አልተዘጋም። ተሳስታችኋል የሚል አንባቢ ካለ ብዕሩን ያንሣ።