የቤንዚኑና የመብራቱ ክርክር በሸሪዓ ሚዛን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁበት ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን «ይህ ደግሞ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» ሊያሰኛችሁ ይችላል። ስለ መኪና ነው፤ በቤንዚን ስለሚሄደውና በመብራት ስለሚሄደው መኪና።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ ክርክሩ ከቢሮ ወጥቶ በሻይ ቤቱም፣ በመርካቶም፣ ከሰላት በኋላ ጫማ በምናጠልቅበት ደጃፍ ሳይቀር ይሰማል። አንዱ ወገን ነዳጅ አበቃለት፣ የነዳጅ መኪና የሚነዳ ሰው ኋላ ቀር ነው ይላል። ሌላው ደግሞ መብራት ሄደ መጣ በሚልበት ሀገር መኪናን ከሶኬት ጋር ማሰር ዕብደት ነው ይላል። ሦስተኛም ወገን አለ። ይኸኛው ነገሩን ሁሉ ዐረብ ሀገሮችን ለማደህየት የተሸረበ ሤራ አድርጎ ያወራል፤ ይባስ ብሎም የኤሌክትሪክ መኪና መግዛትን ከእምነት ጉድለት ሊቆጥር ምንም አይቀረው።

ከዚህ ከሦስተኛው ልጀምር፤ ቶሎ የሚያልቅ ነውና። የሳዑዲ ዐረቢያ የመንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ሉሲድ የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና ፋብሪካ ዋና ባለቤት ነው። ኩባንያው በ2023 እ.ኤ.አ. እዚያው ሳዑዲ ውስጥ በንጉሥ ዐብደላህ የኢኮኖሚ ከተማ መገጣጠሚያ ከፍቷል። የኢንዶኔዥያ ሙስሊሞች ለባትሪ የሚሆነውን ኒኬል ከመሬታቸው አውጥተው ይሸጣሉ። በሌላ በኩል ነዳጅ ሸጣ የከበረችው ኖርዌይ በ2024 እ.ኤ.አ. ከሸጠቻቸው አዳዲስ መኪኖች ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚጠጉት የኤሌክትሪክ ነበሩ። ታዲያ ሤራው የማን በማን ላይ ነው? የነዳጁ ባለቤት ራሱ ገንዘቡን በባትሪ ላይ ሲያፈስ እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን ስለ እርሱ የምንቆረቆረው ምን ሆነን ነው?

ወገኖቼ! ክርክሩ በየሀገሩ የፖለቲካ ባንዲራ ሆኗል። አሜሪካ ውስጥ ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ይሰጥ የነበረው እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽ በመስከረም 30 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ቆመ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት ነበር ለኤሌክትሪክ መኪና የተሰጠውን ድጋፍ ለማፍረስ ትእዛዝ የፈረሙት። እዚያ አንድ ሰው የሚነዳውን መኪና አይተው የየትኛው ፓርቲ ደጋፊ እንደሆነ ይገምታሉ አሉ። የዚህ ዓይነቱ ወገንተኝነት ለእኛ አይጠቅመንም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል ፈረሱን፣ በቅሎውንና አህያውን ለመጓጓዣና ለጌጥ እንደፈጠረልን ከነገረን በኋላ ገና የማናውቀውንም እንደሚፈጥር ነግሮናል። የመጓጓዣ ዓይነት መለወጡ አማኝን የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም ማለት ነው። መጠየቅ ያለብን፦ ሐቁ የማን ነው? ጉዳቱስ በማን ላይ ይወድቃል?

ለኤሌክትሪክ የሚቆመው ወገን ያለው ማስረጃ ቀላል አይደለም፤ እኔም ወደ እርሱ አዘነብላለሁ። ነዳጅን ከውጭ በዶላር ገዝተን፣ ከጅቡቲ በቦቴ አስጭነን፣ በመጨረሻ በከተማችን ሳንባ ላይ እናጨሰዋለን። የመብራት ኃይላችን ግን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመነጨው ከራሳችን ውኃ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጭሱም በራሱ የሐቅ ጉዳይ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው በሽታው ሰጋጁን እንዳያውክ ከመስጊድ እንዲርቅ አዘዋል። የሽንኩርት ሽታ ይህን ያህል ከተከበደ፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ተማሪውንና ነፍሰ ጡሯን አፍኖ የሚሄደው አሮጌ መኪና ምን ሊባል ነው? ጉዳትን ከመንገድ ማስወገድ ከእምነት ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። እሾኽና ድንጋይ ብቻ ግን አይደለም ጉዳት።

ይህን ካልኩ በኋላ የሚከነክነኝን ልናገር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በሦስት ነገሮች ሸሪኮች መሆናቸውን አስተምረዋል፤ በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት። ዑለሞች እሳት የሚለውን ሲያብራሩ ሰው የሚሞቅበትንና የሚያበስልበትን ማገዶ ይጠቅሳሉ፤ በዘመናችን ያሉት ነዳጅንና ኤሌክትሪክን ይጨምሩበታል። ሌላም ታሪክ አለ። አብየድ ኢብኑ ሐማል የተባሉት ሶሓባ በየመን መእሪብ ያለውን የጨው ቦታ እንዲሰጧቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቀው ተሰጣቸው። ከዚያ አንድ ሰው ያ ጨው እንደማይነጥፍ ውኃ ማንም ሳይደክም የሚያገኘው መሆኑን ሲናገር መልሰው ወሰዱት። የሕዝብ የሆነ ሀብት ለአንድ ሰው አይታጠርም።

በዚህ መስፈሪያ የእኛን ሁኔታ እንስፈረው። ከሀገሪቱ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ገና መብራት የለውም። በገጠር ያለችው እናት ዛሬም ኩበትና እንጨት ታነድዳለች። በከተማው ደግሞ ሚሊዮኖች የሚያወጣ መኪና ገዝቶ በግቢው ውስጥ የሚሞላው ሰው የተጨማሪ እሴት ታክስም፣ ኤክሳይዝም፣ ሱርታክስም አይከፍልም ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ተገጣጥሞ ለገባ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሚከፈለው 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ ሆኖ ነበር። በአንጻሩ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአሮጌ የነዳጅ መኪና ላይ የተጣለው ኤክሳይዝ እስከ 500 በመቶ ደርሶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የመኪና ዋጋ ለመካከለኛ ኑሮ ሰው የማይታሰብ ሆኗል። ቤንዚኑስ? በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሊትሩ ከ50 ብር በታች ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። ይህን የሚከፍለው ማነው? የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ያቃተው ነው። ሚኒባስ ታክሲ ላይ ተጋፍቶ የሚሄደው ተሳፋሪ ነው፤ በራይድ ልጆቹን የሚያሳድገው የድሮ ቪትዝ ባለቤት ነው።

ስለዚህ ለኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ መነሣቱን አልቃወምም። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። አንድ የከተማ አውቶቡስ በኤሌክትሪክ ሲሠራ በቀን የሚያጓጉዘው ሰው ስንት ነው? አንድ የቤት መኪናስ? ምሕረቱ መጀመሪያ መድረስ የነበረበት ለብዙኃኑ መጓጓዣ፣ ለታክሲ ማኅበራትና በብድር ለሚገዛው ሾፌር ነው። ለዚህ ከወለድ ነፃ የሆነው መንገድ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዘምዘም ባንክ፣ ከእርሱም በኋላ ሒጅራ ባንክ ሥራ ጀምረዋል፤ በየባንኩ ያሉትም ከወለድ ነፃ መስኮቶች ቀላል አይደሉም። በሙራበሓ መኪናውን ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ነግሮ፣ ለሾፌሩ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ መሸጥ ይቻላል። ታዲያ ገንዘቡ ለነጋዴው የቤት መኪና ሲበቃ ለታክሲ ነጂው የማይበቃው ለምንድን ነው?

አሁን ወደ ገበያው እንግባ፤ ብዙዎቻችን እንጀራችን እዚያ ነውና። የኤሌክትሪክ መኪና ገበያ አዲስ ስለሆነ ማታለያውም አዲስ ነው። አንድ የቅርብ ወዳጄ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ሻጩ አንድ ጊዜ ሞልተኸው ሐዋሳ ደርሰህ ትመለሳለህ ብሎት ነበር፤ መኪናው ግን ሞጆን ሲያልፍ መርበትበት ጀመረ። ባትሪው ደክሟል፤ ሻጩም ያውቅ ነበር። እዚህ ላይ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር ያለውን እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ ያላስታወሰ ሙስሊም ነጋዴ ሊኖር አይገባም። ባለ እህሉ ዝናብ ነው ያገኘው ሲላቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ወቀሱት፤ ያታለለ ከእኛ አይደለም የሚለውም ማስጠንቀቂያ የመጣው በዚሁ ላይ ነው። የባትሪ ጤንነት በመሣሪያ ተለክቶ በመቶኛ የሚነገር ነገር ነው። ያን ቁጥር ለገዢው ሳያሳዩ መሸጥ እርጥቡን እህል ከሥር መደበቅ ነው፤ ድሮ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንመልስ የነበርነው ሰዎች ከቶ ምን ተማርን?

በአዲሱ መኪና ላይም ቢሆን ምላስን መጠንቀቅ ያሻል። ከቻይና የሚመጣው መኪና ወረቀቱ ላይ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ሲጻፍ ያ በቻይና የፈተና መለኪያ የተገኘ ነው፤ መለኪያው ለጋስ ነው። በእኛ ዳገት፣ በእኛ ጭነትና በፍጥነት ሲሄዱ ከዚያ ያነሰ ነው የሚገኘው። በግለሰብ አስመጪ በኩል ዞሮ የገባ መኪና ላይ ደግሞ የፋብሪካው ዋስትና ብዙ ጊዜ አይሠራም። ይህን እያወቁ ዋስትና አለው ማለት ዋጋውን በውሸት መክፈል ነው።

ገዢውም ነፃ አይደለም። በኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት የተለቀቀ ገመድ መኪና ሲሞላ አይተናል። ሽቦው ያን ያህል ኃይል እንዲሸከም አልተዘረጋም። ሲግል ይነዳል፤ ባይነድ እንኳ የጎረቤት መብራት ይደክማል። ራስን መጥቀም ሌላውን ከመጉዳት ጋር በሸሪዓ አይገናኝም። ባለሙያ ጠርቶ የራሱን መሥመር ማስዘርጋት ያቃተው ሰው፣ እንግዲያስ በቻርጅ ጣቢያ ይሙላ። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ እነዚህ መኪኖች ድምፅ የላቸውም። ዐይነ ስውሩና አዛውንቱ መኪና መምጣቱን የሚያውቁት በድምፁ ነበር። በመስጊድ አካባቢ በተለይ ለፈጅርና ለዒሻ ሰዎች በጨለማ ሲሄዱ ቀስ ማለት የመንገድ ሐቅ ነው።

ባትሪውም ከሰማይ አልወረደም። በውስጡ ከሚገባው ማዕድን አንዱ ኮባልት ሲሆን፣ የዓለም አብዛኛው ኮባልት የሚወጣው ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው። እዚያ ሕፃናት በእጃቸው ጉድጓድ እየቆፈሩ እንደሚያወጡት አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 እ.ኤ.አ. አጋልጧል። የነዳጅ ጠበቆች ይህን እየጠቀሱ ሲከሱ እሰማለሁ፤ በናይጄሪያ ኒጀር ዴልታ በፈሰሰ ድፍድፍ ዘይት የጠፋውን ዓሣና እርሻ ግን አያነሡም። ሁለቱም የድኾች ደም አለበት። ልዩነቱ ኮባልት የሌለበት ባትሪ መኖሩ ነው፤ ቢዋይዲን በመሳሰሉት መኪኖች ውስጥ ያለው ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው ዓይነት። መኪና ለመግዛት ስትሄዱ የቀለሙን ዓይነት እንደምትጠይቁ ሁሉ የባትሪውን ዓይነት ጠይቁ፤ መጠየቅ ወጪ የለውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሶማሌ ተራ ነው። በዚያ ሰፈር ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ በወረደ ሥራ ስንት ቤተሰብ በመለዋወጫ ይተዳደራል! የኤሌክትሪክ መኪና ፒስተን የለውም፣ ካንዴላ የለውም፣ የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። የነዳጅ መኪኖች ነገ ተነሥተው አይጠፉም፤ ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ሆኖም አዲስ ካልገባ ገበያው ከዓመት ዓመት መጥበቡ አይቀርም። ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ካርቡሬተር ሲፈታ ከሚውል ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለውን ባትሪ እንዴት ያለ አደጋ እንደሚከፍት ቢማር ይሻለዋል። ባትሪው ዝም ብሎ የሚነካ አይደለም፤ ይገድላል። በነዳጅ ላይ ለዘላለም የሚኖር መስሎት ልጁን እዚያው የሚያስቀር ነጋዴ፣ ሐራም ባይሠራም አማናውን አሳንሷል ባይ ነኝ።

ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ ሰይዱና ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) ያደረጉትን አስታውሳችኋለሁ። መዲና ውስጥ ሩማ የሚባል ጉድጓድ ነበር፤ ባለቤቱ ውኃውን ለሕዝቡ ይሸጥ ነበር። ዑስማን ገዝተው ለሁሉም በነፃ እንዲሆን ወቅፍ አደረጉት። ውኃና እሳት በአንድ ሐዲስ ውስጥ ጎን ለጎን ተጠቅሰዋል ብያለሁ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቻርጅ ጣቢያ ከፍቷል፤ ሌሎችም ተከትለዋል፤ ሁሉም ግን ለንግድ ናቸው፤ ነውርም የለውም። እኛ ደግሞ ግቢያቸው ሰፊ የሆነ መስጊዶች አሉን። በጣሪያቸው ላይ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ ተዘርግቶ፣ ከግቢው በር አጠገብ አንድ ሁለት የመሙያ ቦታ ቢተከል፣ ታክሲ ነጂው ሰግዶ እስኪወጣ መኪናው ይሞላለታል። ባለ ሀብቱ ዋጋውን ከፍሎ ይሞላ፤ ከእርሱ የተገኘው ገቢ ደግሞ እዚያው ሰፈር ላሉ ወጣት መካኒኮች ሥልጠና ይዋል። የመሥመር ፈቃዱ ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ይጠየቃል፤ የኮሚቴው ሒሳብ በየወሩ በመስጊዱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሾፌሮች ከኮሚቴው ውስጥ ሁለት ወንበር ይያዙ። ገንዘቡን በተመለከተ፣ በረመዳን ለአንድ ምሽት የኢፍጣር ድግስ የምናወጣውን የምናውቅ ሰዎች ነን።

የትኛው ጀመዓ እንደሚቀድም እጠብቃለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።