የሰረቀና የፋቀ

አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው በእርግጥ የሚገዛው ምንድን ነው? ወንበር የገዛ ወንበሩን፣ ራዲዮ የገዛ ራዲዮኑን ገዛ እንልና ሒሳቡን እንዘጋለን። ነገር ግን የሰው ቤት ከርሞ የወጣ ዕቃ ብቻውን አይወጣም። ወንበሩ የተቀመጠበትን ሰው ጉድጓድ፣ ራዲዮኑም አንድ ጣቢያ ብቻ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ያላላውን መዘውር ይዞ ይመጣል። ለዚህ ትርፍ ነገር በገበያው ላይ ዋጋ አልተቆረጠለትም። ታዲያ የማን ሊባል ነው? የሻጩ? የገዢው? ወይስ ባለቤት የሌለው ነው? እኔ ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከፈላስፎች መጽሐፍ አይደለም፤ ከልጆች መጫወቻ ነው። አንባቢ ይህን ሰምቶ ገጹን እንዳይገለብጥብኝ እለምናለሁ።

የምኖረው ከዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ሐበሻ በበዛባት ከተማ ነው። እዚህ አገር ሰው ቤቱን ሲያጸዳ የማይፈልገውን ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ደጁ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። እኔም ከዚያ መሐል አሮጌ የቪዲዮ ጌም መሣሪያዎችን እለቅማለሁ፤ ያውም የማይሠሩትን። ምክንያቱ ፍልስፍና ሳይሆን ኪስ ነው። የሚሠራውን ሰብሳቢዎች ተሻምተው ሰማይ ሰቅለውታል። «አይሠራም» ተብሎ ከሽቦ ጋር ካርቶን ውስጥ የተወረወረው ግን በምሳ ዋጋ ይገኛል። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አለ፤ በወር ከ20 ዶላር አላልፍም። ካርቶኔን ታቅፌ ስገባ ባለቤቴ «ቆራሌው መጣ!» ትላለች።

ቀልዷ ውስጥ እውነት አለ። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው፣ ምናለሽ ተራ ያለው ሰውዬም ከተጣለ በርሜል ምድጃ የሚቀጠቅጠው ትርፍ ሰዓቱን ለማሳለፍ አይደለም። እኛ አገር ራዲዮ መጠገን ሥራ ወይም ግዴታ እንጂ መዝናኛ ተብሎ አያውቅም። በችግር የተለመደውን በምቾት መጫወት ትንሽ ያሳፍራል፤ አልክድም። ይሁንና እጅ የሚማረው ነገር በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ የተበላሸ ነገር ሁሉ የሚጣል አለመሆኑን።

ከሚገኙት ሁሉ የሚበዛው ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሥራ ነው። ግራጫ ሣጥን የመሰለው መሣሪያ ጃፓን ውስጥ በሌላ መልክ በ1983፣ አሜሪካ ውስጥ በ1985 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የታወቀ በሽታው መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ መቅረቱ ነው። ጨዋታውን የያዘው ካሴት በ72 የብረት ጥርሶች ነው የሚነከሰው፤ ጥርሶቹ ሲላሉ ወይም ሲቆሽሹ፣ የተሰካው ካሴት በኩባንያው የተፈቀደ መሆኑን የሚመረምረው ቺፕ መልስ ስለማያገኝ መሣሪያውን በየሰከንዱ እንደ አዲስ ያስነሳዋል። በዚያ ዘመን የነበረ የአሜሪካ ልጅ ሁሉ መድኃኒቱን ያውቀው ነበር፤ ካሴቱን አውጥቶ እፍ ማለት። እፍታው ግን አልነበረም የሚያድነው፤ አውጥቶ እንደገና መሰካቱ ነው። የትንፋሹ እርጥበትማ ብረቱን ያዝገዋል። እኔ በጥጥና በአልኮል አጸዳዋለሁ። ብሎኖቹን ተራ ካቻቢቴ አይፈታቸውም፤ ኩባንያው ሰው እንዳይከፍተው ብሎ የተለየ ራስ ሰጥቷቸዋል። መፍቻውን መግዛት የማይፈልግ የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ በእሳት አለስልሶ ብሎኑ ላይ ይጫነዋል፤ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዝና መፍቻ ይሆናል። በዚህች እስክሪብቶ የተሰማኝ ደስታ ከጨዋታዎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ታዲያ ስጠግን መጀመሪያ ላይ ምንም አልተሰማኝም ነበር። ሴጋ የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ በ1990 ያወጣው ጌም ጊር የተባለ የእጅ መጫወቻ፣ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ካፓሲተሮች በዕድሜ ብዛት ፈሳሽ እያንጠባጠቡ ቦርዱን ይበሉታል። ነቅዬ በአዲስ እተካቸዋለሁ፤ ካፓሲተር የማንንም ነገር አያስታውስም። ግራጫው ፕላስቲክ በዘመን ብዛት ቢጫ ሲሆን ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብተው ፀሐይ ላይ የሚያነጡት አሉ። ይህን አንድ ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። ዕድሜ መጥፎ ነገር ነውን? ቢጫው የጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ክስ አያቀርብም፤ ግን ሽማግሌን ፀጉሩን በግድ ቀለም የቀባሁት መሰለኝ።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ከባትሪ ጋር ነው።

«የዜልዳ አፈ ታሪክ» የተባለው ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ በ1987 የወጣው ወርቃማ ቀለም ባለው ካሴት ነው። በአንድ ቀን ተጫውተው የማይጨርሱት ረጅም ጉዞ ስለሆነ፣ ልጁ የደረሰበትን የሚያስታውስ ትንሽ ቺፕ ካሴቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቺፑን ደግሞ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ባትሪ በሕይወት ትጠብቀዋለች። ባትሪዋ ከሞተች ትዝታው ሞተ። ልጁ ማታ ሲያበቃ መሣሪያውን ዝም ብሎ ማጥፋት የለበትም፤ «ሪሴት» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ነው የሚያጠፋው፤ አለዚያ የተቀመጠው ሊበላሽ ይችላል። ጨዋታው ይህን በጽሑፍ ያሳስበዋል።

በ6 ዶላር ከገዛሁት ካርቶን ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ካሴት ወጣ። አጽድቼ ስሰካው ሦስት የስም ቦታዎች ታዩ። በመጀመሪያው ላይ የአንድ ልጅ ስም አለ። ከስሙ ጋር ቁጥር ተጽፏል፤ ይህ ጨዋታ ተጫዋቹ ስንት ጊዜ እንደሞተ እየቆጠረ ያስቀምጣልና፤ 112 ይላል። በሁለተኛው ላይ የእህቱ ወይም የጎረቤት ልጅ የሚመስል ሌላ ስም፤ 9 ጊዜ ብቻ ሞታ ትታዋለች። ሦስተኛው ባዶ ነው። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ለምን እንደማልጽፋቸው አንባቢ እየገባው ይመስለኛል።

የልጁን ቦታ ከፍቼ ልጫወት ስል እጄ ቆመ። በዚያ ብጫወትና ብሞት ሞቴ በእሱ ሒሳብ ላይ ይጻፋል፤ 113 ይሆናል። የሰው መዝገብ ላይ የራስን ሞት መጻፍ ምን ይባላል? ባዶዋን ሦስተኛ ቦታ መረጥኩ። ያን ያህሉ ቀላል ነበር። ካሴቱን ፈትቼ ባትሪዋን በቴስተር ስለካት ግን 2.6 ቮልት አሳየችኝ። ከ2 ቮልት ገደማ ስትወርድ ሁሉም ይጠፋል። ባትሪዋን ነቅሎ በአዲስ መተካት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ በነቀልኳት ቅጽበት ግን ሁለቱ ልጆች አብረው ይነቀላሉ። ባልነካቸውም ይጠፋሉ፤ ጥቂት ዘግይተው። አለመንካት ንጹሕነት አይደለም፤ የእጅን ሥራ ለጊዜ ማስተላለፍ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀ። «ልጁ ዛሬ የሃምሳ ዓመት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ረስቶታል። አንተ ያልረሳህለት ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። ሙግቱ ቀላል አይደለም። ባለቤቱ የጣለውን ነገር ከባለቤቱ በላይ ማክበር ግብዝነት ሊሆን ይችላል። ደግሞስ ከዚህ ይልቅ ጨዋታዎቹን ራሳቸውን ማዳን አይቀድምም? የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶው ከመደበኛ ገበያ ጠፍተው ነበር። ለዚህ መጨነቅ ተገቢ ነው። ዜልዳ ግን ከዕድለኞቹ አንዱ ነው፤ እልፍ አእላፍ ቅጂ አለው፤ የእኔ ካሴት ነገ ቢቃጠል ጨዋታው አይጠፋም። ቅጂ የሌላቸው እነዚያ 112 ሞቶች ናቸው። በመላው ዓለም ያሉት እዚህች ትንሽ ቺፕ ላይ ብቻ ነው።

የሀብታሞቹ ሰብሳቢዎች ይህ ችግር የለባቸውም። በ2021 ሐምሌ ወር ከፋብሪካ ላስቲኩ ያልወጣ «ሱፐር ማሪዮ 64» በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በወሩ እንዲሁ ያልተከፈተ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» 2 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት። ዋጋው የወጣላቸው ማንም ልጅ ስላልነካቸው ነው። ማንም ያልሞተበት ጨዋታ ሚሊዮን ሲያወጣ፣ 112 ጊዜ የተሞተበት ከሽቦ ጋር በ6 ዶላር ይሄዳል። ገበያን ገበያ ብለን እንለፈው፤ እኔ ግን ርካሹን ካርቶን የገዛሁ ሰው ከሰው ጋር ተገናኘሁ፣ እነርሱ ከላስቲክ ጋር።

ወደ ወዳጄ ሙግት ልመለስ። አደራ ሰጪና ተቀባይ ይፈልጋል፤ ልጁ ለእኔ አደራ አልሰጠኝም፤ መኖሬንም አያውቅም። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ያ ልጅ ማታ ማታ ያችን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ መሣሪያውን ሲያጠፋ ምን ማድረጉ ነበር? «ጠብቅልኝ» ማለቱ ነበር፤ ያለው ለካሴቱ ነው። ካሴቱን የገዛሁት ደግሞ እኔ ነኝ። በግቢው መሐል ጎረቤት የሚተላለፍበት መንገድ ያለው ቤት የገዛ ሰው መንገዱንም አብሮ ገዝቷል፤ «እኔ አልፈቀድኩም» ብሎ አጥር ቢያጥርበት ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ውሉ ላይ አለመጻፉ አያድነውም።

አባቶቻችን ይህን ነገር ከእኛ በላይ ያሰቡበት ይመስለኛል። የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው የመጀመሪያው ባለቤት ወይም አስጻፊ ስም ተፍቆ የሌላ ስም የተጻፈበትን ቦታ ብዙ ጊዜ ያያል። መጽሐፉ በስጦታ ወይም በሽያጭ እጅ ሲለውጥ አዲሱ ጌታ በቢላ ፍቆ ራሱን ይተካል። ለዚህም ነው ጸሐፊዎቹ በየመጽሐፉ ላይ ግዝት የሚያስቀምጡት፤ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን እያሉ። እኔን የሚደንቀኝ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጣቸው ነው። ሌባ ዕቃውን ከባለቤቱ ይወስዳል፤ ፋቂ ባለቤቱን ከዕቃው ይወስዳል። ሌባው ቢያዝ ዕቃው ይመለሳል። የፋቂውን ግን ማን ይመልሰዋል? ፋቂው ደግሞ ገንዘቡን ከፍሎ መጽሐፉን በሕግ የገዛ፣ ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል። ግዝቱ የሚፈልገው እርሱን ነው።

ከዚህ ተነስቼ ባትሪዋን አልቀይርም ብል ደግሞ ሐሰት ይሆናል። ካሴቱ የሚኖረው ሲሠራ ነው፤ የነገው ተጫዋችም መብት አለው። በቺፑ ላይ ያለውን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ መሣሪያ አለ፤ ዋጋው የወራት ደንቤን ይበላል። ርካሹ መንገድ አዲስ ባትሪ በሁለት ሽቦ ከአሮጌዋ ጎን አገናኝቶ፣ ኃይሉ ሳይቋረጥ አሮጌዋን መንቀል ነው። ሽቦው ለአፍታ ቢንሸራተት ሁሉም አለቀ። እጄ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም።

ስለዚህ አስቀድሜ ቁራጭ ወረቀት ወስጄ ሁለቱን ስሞች ስክሪኑ ላይ እንዳሉ በእርሳስ ገለበጥኩ፤ በአንዱ ፊት 112፣ በሌላው ፊት 9። ከታች ካሴቱ የተገዛበትን ቀንና ባትሪዋ የተቀየረችበትን ዓመት ጻፍኩ። የራሴን ስም አልጨመርኩም። ወረቀቱን አጥፌ በፕላስቲኩ ክዳን ውስጥ፣ ወደፊት ብሎኑን የሚፈታ ሰው መጀመሪያ በሚያየው በኩል አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ነው የመበየጃውን ብረት የሰካሁት።