በድንገት የታመመ ውሻና የእኛ ኃላፊነት

በእምድብር አቅራቢያ በምትገኝ አንዲት መንደር፣ በአንድ የመስቀል ሰሞን የሆነውን በማስታወስ እንጀምር። እንደ አገሩ ልማድ ልጆች ከነቤተ ሰባቸው ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ ሰንጋው ታርዷል፤ ቡቺ የተባለው የቤቱ ውሻም የድርሻውን አጥንት አግኝቶ ከደጃፉ ተጋድሟል። በበዓሉ ማግስት ግን ውሻው ምግብ እንቢ አለ። ድምፁ ተለወጠ፤ መንጋጋው ወርዶ አልገጥም አለ፤ ለሃጩም ይዝረበረብ ጀመር። «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» አሉ በቤቱ የነበሩት። ከውሻው ጋር ያደገው፣ ዐሥር ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጅ አጥንቱን ሊያወጣለት እጁን ወደ አፉ ሲሰድ አያቱ በክንዱ ጎትተው አስቀሩት።

የአያቲቱ ጥርጣሬ አግባብ ነበረው። የእብድ ውሻ በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አረፋ እየደፈቀ ያገኘውን ሁሉ የሚነክሰውን ውሻ ብቻ ነው። ነገር ግን በሽታው በሌላም መልክ ይመጣል፤ ይኸውም ጉሮሮንና መንጋጋን ሽባ አድርጎ እንስሳውን ዝም የሚያሰኘው ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ሲያዩት ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም። ስለዚህም ርኅሩኅ የሆነ ሰው አፉን ከፍቶ ሊረዳው ይሞክራል፤ በለሃጩ ውስጥ ያለው በሽታም በእጅ ላይ ባለች ትንሽ ጭረት ይገባል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በውሻም ሆነ በሰው ላይ ሞት የማይቀር ያህል ነው።

በዚያ ቤት ወዲያው ሁለት ሐሳብ ተነሣ። አንዱ «ከወንዝ ማዶ ይባረር» የሚል ሲሆን፣ ልጁ ደግሞ እያለቀሰ «ወደ ቤት አስገብተን እናስታምመው» ይል ነበር። ስለ ጉዳዩ ከካቴኪስቶች ጋር በተወያየንበት ጊዜ ከመካከላችን ሁለቱንም የሚደግፍ አልታጣም። እኛም ቆይተን እንደተረዳነው፣ ሁለቱ ሐሳቦች ተቃራኒ ቢመስሉም አንዱ ሌላውን ይመስላል፤ ሁለቱም የገዛ ስሜታችንን ያሳርፋሉ እንጂ ለውሻውም ለጎረቤቱም አይበጁም።

አስቀድመን ግን ውሻ በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ እንናገር። በጉራጌ መንደር ቤቶቹ በጀፎረው ግራና ቀኝ ተሰልፈው ከኋላቸው የእንሰቱ ማሳ ይዘረጋል። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ከብቱና ሰዉ በውስጥ ሳለ በውጭ የሚያድረው ውሻ ነው። ይህን ሁሉ እያደረገልን ስሙን ለስድብ እናውለዋለን። በመጽሐፈ ጦቢት የተጻፈውን የሚያስታውስ ግን ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሲጓዝ ውሻው አብሮት እንደሄደ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረት በመሆናቸው ደግነት እንደሚገባቸው፣ ያለ አስፈላጊ ምክንያት ማሠቃየትም ለሰው ክብር እንደማይስማማ ያስተምራል። በዚያው ስፍራ ለሰው ብቻ የሚገባውን ፍቅር ለእንስሳ እንዳንሰጥ ያስጠነቅቃል። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ማባረርን እንመልከት። የታመመውን ውሻ ከደጃችን ስናባርር በሽታውን አላጠፋነውም፤ ወደ ሌላ ሰው ደጅ ላክነው እንጂ። ከወንዝ ማዶም ልጆች አሉ። በልዩ ልዩ የአገራችን ከተሞች ለብዙ ዘመን እንደታየው መርዝ የተቀባ ሥጋ መበተንም ለእንስሳው የሚያሠቃይ ሞት ነው፤ ጤነኛውንም ከታመመው አይለይም። «የእነ እገሌ ውሻ አበደ» እንዳይባል ነገሩን በዝምታ መሸፈንማ ከማባረርም የከፋ ይመስለናል። እፍረት ሰው ሊገድል ይችላል።

የልጁ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ነውና ልንንቀው አይገባም። ሆኖም ፍቅር እውነቱን ካላየ እጁን ወደ ሞት ይሰዳል። ለዚያ ውሻ ሊደረግለት ይችል የነበረው በጎ ነገር ሳይነኩት፣ ሳይደበድቡት፣ ከሰውና ከከብት ተለይቶ በጸጥታ በሚቆይበት ስፍራ መከለል፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያም መጥራት ነበር። ባለሙያው ሥቃዩን በአጭሩ ቢያስቀርለት ምሕረት እንጂ ጭካኔ አይሆንም። በዚህ ላይ አንድ ካቴኪስት «ታዲያ በሰውስ ላይ ለምን አይሆንም?» ሲል ጠይቆናል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ መልሱ ግን ግልጽ ነው። በዚሁ በሽታ የተያዘ ሰው ተስፋው ቢቆረጥም እንኳ ሕይወቱ በእጃችን አይደለችም፤ ሥቃዩን እያስታገስን፣ ራሳችንንም ከለሃጩ እየጠበቅን እስከ መጨረሻው ከአጠገቡ እንቆያለን። እንስሳውን የምናዝንለት ኃላፊዎቹ ስለሆንን ነው፤ ሰውን ግን ወንድማችን ስለሆነ አንተወውም።

እዚህ ላይ ራሳችንንም መውቀስ ይገባናል። ለቡቺ ከሁሉ የሚበልጠው ውለታ ሳይታመም ሊከፈለው የሚገባ ነበር። በየዓመቱ አጥንት ጣልንለት፤ ክትባት ግን አላስከተብነውም። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የአጣጥ ሆስፒታል ባለበት በዚህ አገር፣ ሕፃን ሳይታመም እንደሚከተብ የማያውቅ እናት አይገኝም፤ ይህን እውቀት ግን እስከ ደጃፉ ውሻ አላደረስነውም። ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ ለተነከሰው የ9 ዓመት ልጅ ለዮሴፍ ማይስተር ክትባቱን የሰጠው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎም፣ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሽታው በዓመት እስከ 59 ሺህ የሚገመት ሰው ይገድላል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም ከ100 በ99 እጁ ከውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከ100 70ው ቢከተቡ መተላለፉ ይገታል። ፓስተር ያረፈበት መስከረም 28 በአውሮፓ አቆጣጠር በሽታው በዓለም ዙሪያ የሚታሰብበት ቀን ሆኗል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ነው። ሰው ሁሉ አገር ቤት የሚሰበሰብበትና ከከተማ የመጡ ሕፃናት ከማያውቁት ውሻ ጋር የሚጫወቱበት ሰሞን መሆኑን ስናስብ ቀኑ ለእኛ የተመረጠ ይመስላል።

ካቴኪስቶች በሰው ዘንድ የምትሰሙ ናችሁና አንድ ነገር አደራ እንላለን። የተነከሰ ሰው ወደ አገር መድኃኒት ወይም ወደ ጠበል ብቻ ሲሮጥ ውድ ቀናት ያልፋሉ። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር የሚመክረው እምነት ስለጎደለው አይደለም። ሽማግሌዎቻችን የሚያስታውሱት፣ ከበግ አንጎል እየተዘጋጀ በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረው ክትባት ብዙዎችን አስፈርቶ አስቀርቷል፤ አዲሱ ግን በክንድ ላይ የሚሰጥና በቁጥርም ጥቂት ነው።

ወደዚያ ቤት እንመለስ። ውሻው በባዶ በረት ተዘግቶበት ባለሙያው በማግስቱ እስኪደርስ ሞቶ ተገኘ። ባለሙያውም የታየውን ምልክት ሁሉ ጠይቆ፣ ለሃጩ የነካቸው ሳይዘገዩ ክትባት እንዲጀምሩ አዘዘ፤ ሬሳውም በባዶ እጅ ሳይነካ ተጠቅልሎ ከእንሰቱ ማሳ በስተኋላ በጥልቅ ጉድጓድ ተቀበረ። ልጁ ሲያለቅስ አንድ ዘመድ «ለውሻ ይለቀሳል እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። አያቱ ግን «ተወው፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር አብሮት የሚውለው» አሉ። እኛም ከዚህ የተሻለ ቃል ለመፈለግ አልሞከርንም።

ሲመሽ አያቲቱ ነጠላቸውን ደርበው በጀፎረው ቤት ለቤት እየዞሩ «ውሻችን በዚህ ሁኔታ ሞቷል፤ ልጆቻችሁንና ውሾቻችሁን ተመልከቱ» ሲሉ ተናገሩ። ከጎረቤቶቹ አንዱ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እማማ፤ በደመራው ዋዜማ የእኛ ውሻና ቡቺ ተናክሰው ነበር፤ እንግዲህ የእኛን ምን እናድርገው?» አላቸው። ሌሊቱን በቤቱ ብርሃን ሳይጠፋ አደረ፤ ሲነጋም አያቲቱና ጎረቤቱ ባለሙያው ዘንድ አብረው ሄዱ።