ስድስት ሽቦ ያለው ፔዳል

ሞተሩ ገብቷል፣ ካምቢዮው ተገጥሟል፣ ራዲያተሩም ቦታውን ይዟል። የቀረው የነዳጅ ፔዳሉ ነው። በአሮጌው ናፍጣ ሞተር ጊዜ ከፔዳሉ ተነስቶ እስከ ፖምፓው የሚደርስ ገመድ ነበረ፤ ሹፌሩ ሲረግጥ ገመዱ ይሳባል፣ ፖምፓው ነዳጅ ይጨምራል። አዲስ የገባው ሞተር ግን ገመድ የሚታሰርበት ቦታ እንኳ የለውም። ያለው ከሶማሌ ተራ ከሞተሩ ጋር አብሮ የተገዛ፣ ስድስት ሽቦ የወጣለት የፕላስቲክ ፔዳል ብቻ ነው።

ቡኢ ከአዲስ አበባ በአለም ገና አድርጎ ወደ ቡታጅራና ሆሳዕና በሚወስደው አስፋልት ላይ የተቀመጠች የሶዶ ከተማ ናት። መንገዱ ዳር ቆሞ ለሚያይ፣ ከሚያልፈው መኪና ውስጥ ዕድሜው ከሹፌሩ የማይተናነስ ቶዮታ አይጠፋም። አካሉ ጤነኛ የሆነ መኪና ሞተሩ ስላለቀ አይጣልም፤ ሞተር ይቀየርለታል። ስሪ ኤል ወይም ፋይቭ ኤል ሞተር የነበረው ሃይሉክስ ዋን ኬዲ ሲገባለት ዳገቱን በሌላ ጉልበት ይወጣዋል። በዚህ የሚከፋ ባለመኪና የለም። ችግሩ የሚመጣው መካኒኩ ፔዳሉን የመጨረሻና ቀላል ሥራ አድርጎ ሲያየው፣ አመሻሽ ላይ፣ ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ በሚጠብቅበት ሰዓት ሲገጥመው ነው።

አዲሱ ፔዳል ነዳጅ አይሰጥም። የሚሰጠው ወሬ ነው፦ «ሹፌሩ ይህን ያህል ረግጧል» ይላል። ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭ የሚወስነው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ የፔዳሉን ወሬ ከሞተሩ ዙርና ሙቀት፣ ከሚገባው አየር ጋር አገናዝቦ። ስለዚህ ሁለት ነገር በትክክል መቀመጥ አለበት፤ አንዱ ፔዳሉ ራሱ፣ ሌላው ወሬው። በሁለቱም ላይ ዓለም ብዙ ሕይወት ከፍሎ የተማረው ነገር አለ።

የመጀመሪያው የሆነው ነሐሴ 22 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ሳን ዲዬጎ አጠገብ ነው። አንድ ሌክሰስ ኢኤስ 350 በከፍተኛ ፍጥነት እየበረረ አልቆም አለ። ሹፌሩ ጀማሪ አልነበረም፤ የካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ባልደረባ ነበር። እሱና አብረውት የነበሩት ሦስት ቤተሰቦቹ አለቁ። መኪናው የራሱ ሳይሆን የራሱ እስኪጠገን በውሰት የተሰጠው ነው። መርማሪዎች ወለሉን ሲያዩ የተነጠፈው ወፍራም የጎማ ምንጣፍ የዚያ መኪና አልነበረም፤ አርኤክስ ለተባለው ለሌላው ሌክሰስ የተሠራ ነው። መጠኑ ስለማይገጥም ፔዳሉን እንደተረገጠ ወጥሮ ያዘው። ሞተሩን ለማጥፋት ደግሞ ቁልፍ የሚዞርበት ቦታ የለም፤ መኪናው እየሄደ ሳለ የማስነሻ ቁልፉን ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ያስፈልግ ነበር። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ከየት ያስታውስ?

በጣም የሚያሳዝነው ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ያንኑ መኪና የተዋሰ ሌላ ደንበኛ ፔዳሉ ተይዞበት፣ እንደምንም አቁሞ፣ ምንጣፉን አላቆ፣ መኪናውን ሲመልስ ለተቀበለው ሠራተኛ ነግሮ ነበር። የነገረው ነገር እዚያው ቀረ። ሌክሰስን የሚሠራው ቶዮታ ኋላ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ጠርቶ ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ የፔዳሉን የታች ጫፍ ማሳጠር ነበር። ያን ሁሉ ኮምፒውተር የሠራ ፋብሪካ መፍትሔውን በመቁረጫ ማግኘቱ መካኒኮቻችንን ደስ ሊያሰኛቸው ይገባል።

እዚያ የሌላ መኪና የነበረው ምንጣፉ ብቻ ነው። ሞተር በተቀየረ መኪና ላይ ፔዳሉ ራሱ የሌላ መኪና ነው። የተሠራለት ግድግዳ፣ የወለሉ ቁልቁለት፣ ከፍሬኑ ጋር ያለው ርቀት ሁሉ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የላሜራ ቁራጭ ተበይዶለት ይገጠማል። ላሜራው ስስ ከሆነ ሹፌሩ ጠንክሮ ሲረግጥ ይታጠፋል፤ ፔዳሉ የሄደው መንገድና ሴንሰሩ ያነበበው ይለያያል። ፔዳሉ ከፍሬኑ እኩል ወይም ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ በድንጋጤ ወደ ፍሬን የሄደ ጫማ ሁለቱንም ይረግጣል። መለካት ያለበት ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ሹፌሩ ዘወትር የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ ነው፤ ምንጣፉን አውጥቶ የለካ መኪናው ነገ የሚሆነውን አልለካም። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲወርድ ምንጣፉን መንካት የለበትም፤ ሲለቀቅም ሳይንቀራፈፍ መመለስ አለበት። ሽቦውም ከመሪው ዘንግና ከፍሬኑ እጅ ርቆ ይታሰር።

የፔዳሉ መክበድ ያስቸገረው ሰው ከፍቶ ቅባት ልቀባው ይላል። አይነካም። ውስጡ ሆን ተብሎ የተደረገ ሰበቃ አለ፤ እግር ገመድ እየሳበ እንዲመስለው። ቶዮታ በጥር 2002 ዓ.ም. 2.3 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን አሜሪካ ውስጥ የጠራው ያ ሰበቃ በመልበስና በእርጥበት ከልክ አልፎ ፔዳሉ መመለስ ስላቃተው ነው።

ወደ ወሬው እንምጣ። ስድስቱ ሽቦዎች ሦስት ሦስት ሆነው ይከፈላሉ፤ ለእያንዳንዱ ሴንሰር 5 ቮልት፣ ነጌቲቭ እና ምልክት። በአንድ ፔዳል ውስጥ ሁለት ሴንሰር ማለት ነው። በብዙዎቹ ቶዮታዎች ላይ እግር ሳይነካው የአንደኛው ምልክት 0.8 ቮልት ገደማ፣ የሁለተኛው 1.6 ገደማ ይሆናል፤ ሲረገጥ ልዩነታቸውን እንደጠበቁ አብረው ይወጣሉ። በሌሎች ፋብሪካዎች፣ ለምሳሌ በቮልስዋገን፣ ሁለተኛው የአንደኛውን ግማሽ ይናገራል። የአንዱን ፋብሪካ ፔዳል ለሌላው ኮምፒውተር ማገናኘት የማይሠራውም በዚህ ነው። ሽማግሌ ሁለት ምስክሮችን ለየብቻ እንደሚጠይቅ፣ ኮምፒውተሩም ሁለቱን ቃል ያስተያያል፤ ካልተስማሙ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ መብራት ያበራል፣ ፒ2138 የሚል ኮድ ይመዘግባል።

ያ መብራት ነው ሰውን የሚያሳስተው። ባለመኪናው ቸኩሏል፣ መካኒኩ ደክሞታል፣ የሁለተኛው ሴንሰር ሽቦ ተበጥሷል ወይም ሴንሰሩ ሞቷል። በቶዮታ ላይ ሁለቱን ምልክቶች በአንድ ላይ መጠምዘዝ አያዋጣም፤ ልዩነታቸው ከ0.02 ቮልት ካልበለጠ ኮምፒውተሩ ተገናኝተዋል ብሎ ይይዛቸዋል። ሁለተኛው ግማሽ በሚሆንበት መኪና ላይ ግን በሁለት እኩል ሬዚስተር ከአንዱ ምልክት ግማሹን ፈልቅቆ ለሌላው መስጠት ይቻላል። መብራቱ ይጠፋል። «ጨርሰናል፣ ውሰደው» ይባላል። መኪናው እየሄደ ያለው በአንድ ሴንሰር ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ያለው ይመስለዋል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ስድስት ደቂቃ ገደማ በረረና ቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ ላይ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር፤ አፍንጫው ወደ ላይ ምን ያህል እንደቀና የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት፤ በግራና በቀኝ። ኤምካስ የተባለው አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ሥርዓት ግን በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። የግራው ሐሰት ተናገረ፤ ሥርዓቱ አመነው። የቀኙ ትክክለኛውን እያነበበ ነበር፤ ኤምካስ ግን አልጠየቀውም። ከዚያ አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በሌላ 737 ማክስ 189 ሰው በዚሁ ምክንያት አልቋል። ቦይንግ ሶፍትዌሩን ሲያስተካክል ሁለቱ ሴንሰሮች እንዲነጻጸሩ፣ ከ5.5 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ኤምካስ እንዳይሠራ አደረገ። ሁለት ሴንሰርን ማነጻጸር በመኪና ፔዳል ላይ ቀድሞ የታወቀ ጥበብ ነው። በሬዚስተር መብራት ያጠፋ ሰው የቦይንግን ስህተት በእጁ እየሠራ ነው፤ ልዩነቱ ፋብሪካው ትክክል አድርጎ የሠራውን ማበላሸቱ ነው።

አሮጌ ፔዳል የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይጨምር። ቶዮታን የመረመሩት የናሳ መሐንዲሶች በየካቲት 2003 ዓ.ም. የወጣው ሪፖርታቸው ላይ በኤሌክትሮኒክሱ ውስጥ መኪናን በድንገት የሚያስፈተልክ ጉድለት አላገኘንም ብለዋል። ይሁንና ከፈተሿቸው አሮጌ የካምሪ ፔዳሎች በአንዱ ውስጥ፣ ከብረት ልባጡ የበቀለች ከጸጉር የቀጠነች ክር ሁለቱን ምልክቶች አገናኝታ አገኟት። ከውጭ ሲታይ ፔዳሉ ደህና ነው። በዓይን ታይቶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም ለማለት ነው።

ፍተሻው ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ይከፈትና ቴስተሩ መጀመሪያ በአንዱ ምልክት፣ ቀጥሎ በሌላው ላይ ይደረጋል። ፔዳሉ በእጅ ቀስ እያለ ይጫናል። ቮልቱ ሳይዘልና ሳይቆራረጥ መውጣት፣ ሲለቀቅ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። መሃል ላይ አንዴ እንኳ ወደ ዜሮ ከወረደ ፔዳሉ ወደ ሻጩ ይመለስ። ቀጥሎ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ምልክቶቹን በየተራ መንቀል ነው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ መብራቱ መብራት አለበት። ካልበራ አንድ ሰው ከዚህ በፊት እጁን አስገብቷል። ሹፌሩም ፔዳል ቢያዝበት ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ባዶ ማድረግን፣ ፍሬኑን ሳይለቅ ዳር መያዝን ቆሞ ይለማመደው።

የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ ለውጡን ማስመዝገብ የግድ ነው። ወረቀት ከተነካ አይቀር፣ የስድስቱ ሽቦዎች ቀለም፣ የትኛው ወደ የትኛው እንደሄደ፣ ፔዳሉ ከምን መኪና እንደመጣና ሳይረገጥ ስንት ቮልት እንዳነበበ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ። መኪናው ነገ ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ ላይ ቢቆም የሚከፍተው ሌላ መካኒክ ነው፤ ለዚህ መኪና ደግሞ ፋብሪካ ያሳተመው መጽሐፍ የለም።