ፍትሐዊ ወንበዴ

ባለፈው ዒድ ቦንጋ እህቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ምሽት ልጇ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጦ «ሸራውን አውርዱ!» እያለ ይጮኻል። ባሕር በዓይኑ አይቶ የማያውቀው የከፋ ልጅ የወንበዴዎች መርከብ አዛዥ ሆኗል!

ጨዋታው በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ሲ ኦፍ ቲቭስ» ነው። እስከ አራት የሚደርሱ ሰዎች ከየአገሩ በኢንተርኔት ተገናኝተው አንድ መርከብ ይሳፈራሉ። አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ ሸራ ይስባል፣ ሌላው የተበሳውን ወለል በሳንቃ ይደፍናል፣ ውኃውን በባልዲ ይቀዳል። ጉዞው በድምፅ ይወሰናል፤ ወርቁም ለሁሉም እኩል ይደርሳል።

መግሪብ ሲደርስ «አጎቴ፣ መሪውን ለጓደኛዬ አስረክቤ ልምጣ» አለኝና አብረን ሰገድን። ደስ አለኝ። ኋላ ግን ሣጥኑን ከየት እንዳመጡት ጠየቅሁት።

«ከሌላ መርከብ ቀምተን ነው። ሲቆፍሩ ያመሹበት ነበር» ብሎ ሳቀ። «ጓደኞቼን ግን አንድም ቀን አጭበርብሬ አላውቅም።»

እርግጥ ጨዋታ ነው፤ የማንም እንጀራ አልተወሰደም። ሐላል ሐራሙንም ለዑለሞች እተወዋለሁ። ያሳሰበኝ ልጁ በመርከቧ ውስጥ ያለውን ፍትሕ ሙሉ ፍትሕ አድርጎ መውሰዱ ነው። እንዲህ የሚያስበው ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም።

ከፋ በ1897 (እ.ኤ.አ.) በምኒልክ ጦር እስክትያዝ ድረስ ነፃ መንግሥት ነበረች፤ ቦንጋም የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በጅማ አድርገው፣ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዚያም ጎንደርና ምጽዋ ድረስ ይዘልቁ ነበር። ዝባድ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ ይጫናል። ሰውም ይነዳል። ቅፍለቱን የሚመራው ነጋድራስ አማና ጠባቂ፣ ሰላቱን የማያሳልፍ፣ የባልደረባውን ድርሻ የማይነካ ሊሆን ይችላል። ከበቅሎዎቹ ኋላ ታስሮ የሚሄደው የከፋ ልጅ ግን ከባልደረቦቹ ቁጥር አልገባም። ይህን ስናወራ ዝባዱን እንጠራና ሰውየውን እንዘለዋለን፤ እኔም ስዘለው ኖሬያለሁ።

ይህንኑ ለልጁ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና፦

«አጎቴ፣ ነጋድራሱ እምቢ ቢል ሌላ ይሾሙ የለ?» አለኝ።

«ይሹሙዋ!» አልኩት። ለመናገር ቀላል ነው።

ወደ መርከቡ ተመለሰ። መቀማቱ ቀርቶ ራሳቸው ቆፍረው እንዲያወጡ ለጓደኞቹ ሐሳብ አቀረበ፤ ሦስት ለአንድ ተሸነፈ። መሪውን ግን አልለቀቀም።